የቀረ ሰው አለ?

ሥራሽ ምን ነበር ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው «አጠገብ መቀመጥ» ብዬ እመልሳለሁ። ይስቃሉ። እኔ ግን ቀልዴን አይደለም። የስካውት ልጆችን በፈቃዳቸው የሚመሩ ትልልቅ ሰዎች፣ አስተማሪው፣ ባለሱቁ፣ ጡረተኛው፣ በኢንተርኔት የሚሰጠውን ስልጠና ሲወስዱ አጠገባቸው የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። ወረቀቱ «የስልጠና አስተባባሪ» ይለኛል፤ ደመወዙ ግን የአጠገብ ተቀማጭ ደመወዝ ነበር። አሁን ስልጠናው ወደ ስልክ ገባ፣ ድምፅም ተጨመረለት፣ ሰው ቤቱ ጋደም ብሎ እየሰማ ይጨርሰዋል። አጠገቡ የሚቀመጥ አያስፈልግም ተባለ። ዕድሜዬም ደርሶ ነበርና በምስጋናና በኬክ ሸኙኝ።

ቤት ውዬ ሳስበው ከዚያ ሁሉ ዓመት ተመላልሶ የሚመጣብኝ አንድ ሽማግሌና አንድ በር ነው። እሱን ልንገራችሁ። ትንሽ ዞር ዞር እያልኩ ነው የምደርስበት፤ ታገሡኝ፣ ልማዴ ነው።

ቡራዩ የገባሁት የአዲስ አበባ ኪራይ አባሮኝ ነው። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ዋናው መንገድ ዳር አንድ ኢንተርኔት ቤት በጽዳት ተቀጠርኩ፤ ወለሉን ስወለውል ከደንበኛው ጀርባ ቆም እያልኩ ኮምፒውተር ለመድኩ። ማንም አላስተማረኝም ብል ውሸት ነው፤ ሁሉም ሳያውቁት አስተምረውኛል። የስካውት ቢሮው ኃላፊ አቶ ግርማ መሪዎቹን ለስልጠና ወደዚያ ቤት ያመጡ ነበርና፣ አንድ ቀን መጥረጊያዬን አስቀምጬ አንዲት አስተማሪ ሳግዝ አዩኝ። «አንቺ ሴትዮ ትዕግሥት አለሽ፤ እኛ ደግሞ ያጣነው እሱን ነው» አሉ። እንዲህ ነው የተቀጠርኩት።

አጠገብ መቀመጥ ቀላል ይመስላል። እስቲ ሞክሩት። ከሰውየው በስተግራ ነው የሚቀመጡት። በስተቀኝ ከተቀመጡ እጅዎ ሳያስቡት ወደ ማውሱ ይሄዳል። እኔ መጀመሪያ ሰሞን እጆቼን ከጭኔ ሥር አድርጌ እቀመጥባቸው ነበር። ማውስ ይዞ የማያውቅ ሰው ጠረጴዛው ሲያልቅበት ዕቃውን ወደ አየር ያነሳዋል፤ እንደዚያ ሲያደርግ መሳቅ ክልክል ነው። ፊደሉን ቀድሞ ማተለቅ፣ መነጽሩን ረስቶ እንደሆነ ሳያፍር እንዲናገር ማድረግ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዝም ማለት። ሰው ሲያስብ ያለው ዝምታ ለተመልካች ይረዝማል። ያንን ዝምታ የቻለ ሥራውን ቻለ ማለት ነው።

ይህን ኮምፒውተር ላይ ተማርኩት። ልጆች አጠገብ መሆንን ያስተማሩኝ ግን ኦቦ ጉታ ናቸው።

ኦቦ ጉታ ዕድሜያቸውን የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ልጆቻቸው አድገው ቤቱ ጭር ሲልባቸው የቡራዩን ስካውቶች መምራት ጀመሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ስካርፋቸውን አንገታቸው ላይ አስረው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ስታዩአቸው ሚኒስትር ይመስላሉ። ለጉዞ ወደ ገፈርሳ በኩል ሲወጡ ከኋላ እንጂ ከፊት አይሄዱም። ከመነሳታቸው በፊት የእያንዳንዱን ልጅ ጫማ ጎንበስ ብለው ያያሉ። «ማሰሪያው የተፈታ ልጅ ጎማው የተነፈሰ መኪና ነው» ይላሉ። ፊሽካ ነበራቸው፣ ልጅ ላይ ግን ነፍተው አያውቁም፤ ሄደው ትከሻውን ይነኩታል። ደግሞ ቋንቋ አይመርጡም። አንዱን ልጅ በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ይጨርሱታል፣ ሌላዋን በተቃራኒው።

ከየትም ሲነሱ፣ አሥር እርምጃ ለመሄድም ቢሆን፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጠይቃሉ።

«ነምኒ ሀፌ ጂራ? የቀረ ሰው አለ?»

«ሂንጂሩ! የለም!» ይላሉ ልጆቹ አንድ ላይ።

«በእኔ መኪና» አሉኝ አንድ ቀን፣ «ሰው ረስቼ ተነስቼ አላውቅም፣ ጽጌ ልጄ። አንዴ አንዲት ሴትዮ ሽንት ቤት ገብታ ቀረች። መኪናው ሙሉ ሰው ‹እንሂድ!› እያለ ሲጮህብኝ ሞተሩን አጥፍቼ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩት።»

የልጆች ደኅንነት የሚባለው ስልጠና የመጣው በዚህ መካከል ነው። ያልጨረሰ መሪ ልጆች ይዞ እንዳይወጣ ተባለ። አቶ ግርማ መቶኛ የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ በየቀኑ «ስንት ፐርሰንት ደረስን?» ነው። ሰብስበን ኢንተርኔት ቤቱ ገባን። አንዱ ክፍል ልጅን ስለማስረከብ ነበር። መሪው ልጁን ለወላጁ፣ ወይም ወላጁ አስቀድሞ ስሙን ለነገረው ሰው ብቻ ይስጥ፤ ጎረቤት ነኝ፣ ዘመድ ነኝ ላለ ሁሉ አይስጥ ይላል።

ይህን ሳነብላቸው ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

«ፈረንጅ ጎረቤት የለውም እንዴ?» አለ ሳሚ። ሳሚ ወጣት የሒሳብ አስተማሪ ነው፣ የኦቦ ጉታ ምክትል፤ አፉም እጁም ፈጣን። «እኔን እኮ ከትምህርት ቤት ስመለስ ያላሳደገኝ የሰፈር ሰው የለም። ይሄን ሕግ እናቴ ብትሰማ ጎረቤቶቿን ሰብስባ ይቅርታ ትጠይቅ ነበር!»

ኦቦ ጉታም ስቀው መነጽራቸውን አደረጉ፤ ማውሱን ያዙ። ጥያቄው ወጣ። እሳቸው ማንበብ ጀመሩ፣ ቀስ ብለው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ። ከኋላቸው ወረፋ የሚጠብቀው ሰው መቁነጥነጥ ጀመረ። ሳሚ ጎንበስ አለ።

«ፋዘር፣ ይልቀቁልኝ። አንቱን ፈተና ማስቀመጥ ነውር ነው።»

እውነት ነውር ነው። እኛ ዘንድ ሽማግሌ በሰው ፊት ሲሳሳት ዝም ብሎ የሚያይ ልጅ ምኑን ልጅ ሆነ? ማውሱን ሳሚ ወሰደው። አንዱ መልሱን ይናገራል፣ ሌላው «አይ፣ ለ ነው» ይላል፣ ሳሚ ክሊክ ያደርጋል። ደቦ ነበር። እንደ ደቦ ደግሞ ደስ ይል ነበር፤ የኦቦ ጉታን እንዳጨድን የሌሎቹንም ሽማግሌዎች አጨድን። ሰርተፊኬቱ ሲወጣ አጨበጨብን። አቶ ግርማ መቶ ፐርሰንታቸውን አገኙ። ኦቦ ጉታ ወረቀቱን አይተው «ገለቶማ፣ ልጆቼ» ብለው አመሰገኑና አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ሌላው ሰው ፍሬም ሲገዛለት እሳቸው አልገዙም።

ያ ጊዜ የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ተቃውሞ ያስነሳበት ጊዜ ነው። ያን ወቅት ዙሪያውን የኖረ ያውቀዋል። ጠዋት ክፍት የነበረ መንገድ እኩለ ቀን ላይ በድንጋይ ተዘግቶ ያገኙታል። ሱቅ በሩን ገርበብ አድርጎ ነው የሚሸጠው። ሰው ሰላምታ ሲለዋወጥ «አካም ጂርታ» ከማለቱ በፊት «መንገዱ እንዴት ነው?» ይል ነበር። ኢንተርኔቱ አንድ ቀን አለ፣ ሳምንት የለም። እኛም ልጆቹን ጉዞ ማውጣት አቁመን ነበር፤ ሜዳው ላይ ቋጠሮ ማስተማሩን ግን ኦቦ ጉታ አላቆምም አሉ። «ቤት ተዘግቶባቸው ከሚፈሩ እዚህ ገመድ ይዘው ይፍሩ» አሉ።

አንድ ቅዳሜ ልጆቹ ገመድ ላይ እንዳሉ ከዋናው መንገድ በኩል ጩኸት ተሰማ፤ ቀጥሎ የጎማ ጭስ ታየ። ዘበኛው በሩን ዘጋ። ወዲያው የሰፈር ሰው በሩን ሞላው። ነጠላዋን አጣፍታ የሮጠች አለች፣ ሊጥ በእጇ ላይ የደረቀባት አለች። «የእኔን ስጡኝ! የእሌኒንም ልጅ ስጡኝ፣ እሷ ከተማ ናት!» ኦቦ ጉታ በሩ ላይ ቆመው እጅ ለእጅ እያያያዙ ሰጡ። ሳሚም እኔም እንደዚያው። ማንም የማያውቀው ሰው አልመጣም፤ ሁሉም ጎረቤት ነው። ሜዳው ባዶ ሲሆን ኦቦ ጉታ ወደ ውስጥ ዞረው «የቀረ ሰው አለ?» ብለው ጮኹ። መልስ የሚሰጥ ልጅ አልነበረም። ላባቸውን ጠርገው «አልሀምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለቱንም ብያለሁ» ብለው ሳቁ።

ያን ጊዜ ዘይነባ መጣች። ዘይነባ ከስካውት ልጆቹ የአንዷ፣ የሂክማ እናት ናት። መርካቶ መጋረጃ ትሰፋለች፣ ጠዋት በታክሲ ሄዳ ማታ ትመለሳለች። ያን ቀን መንገድ ሲዘጋ ከአሸዋ ሜዳ ጀምራ በእግሯ መጥታለች፤ አንድ ጫማዋ የለም።

«ሂክማስ?»

«ሄዳለች» አሉ ኦቦ ጉታ። «አይዞሽ፣ ደህና ናት።»

«ከማን ጋር?»

ኦቦ ጉታ ሳሚን አዩ። ሳሚ እኔን አየኝ። ቀይ ሻርፕ ያደረገች ሴት ናት አለ ዘበኛው፤ የለም፣ ከመንትዮቹ እናት ጋር ነው የሄደችው አለ ሳሚ። ስልክ አይሠራም።

«ከማን ጋር ነው ያልኩት፣ ኦቦ ጉታ?»

«ከጎረቤት ጋር» አሉ። ድምፃቸው አነሰ።

ቆዪ ብንላት አልቆመችም። ቤት ለቤት እያንኳኳች ሄደች። አንዷ እዚያ ናት ትላታለች፣ ሌላዋ እዚህ ነበረች ትላታለች። ሂክማን የወሰደቻት ሴት ወደ ቤቷ የሚወስደው መንገድ ሲዘጋባት እህቷ ዘንድ አስገብታት ነበር፤ ልጅቷ ምሳዋን በልታ ከሕፃናት ጋር ገበጣ ትጫወት ነበር። ከእናቷ ያን ያህል ሩቅ አልነበረችም። ዘይነባ ግን ያንን ስለማታውቅ ወደ ዋናው መንገድ ወጣች። ሕዝቡ ድንገት ሲሮጥ ገፍቶ ቦይ ውስጥ ጣላት፣ የሮጠው ሁሉ አለፈባት። ዳሌዋ ተሰበረ። ልጅቷ ምንም አልሆነች። የተሰበረችው ፈላጊዋ ናት።

አቶ ግርማ ሪፖርት ሲያዝዙኝ «ልጆቹ በሙሉ በሰላም ቤታቸው ገብተዋል ብለሽ ጻፊ» አሉ። ጻፍኩ። ከእውነት አንድ ቃል ያልጎደለው፣ ደግሜ ለማንበብ ግን ያልደፈርኩት ሪፖርት ያ ብቻ ነው።

ኦቦ ጉታ በሳምንቱ ቢሮ መጡ። ስካርፋቸውን አጥፈው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«ኸረ ኦቦ! አንቱ ምን አጠፉ?» አልኳቸው።

«ጽጌ፣ እኔ ሰው መጫን አውቃለሁ። ማውረድ ነው ያልተማርኩት።» ወንበር ስስብላቸው አልተቀመጡም። «አርባ ዓመት ‹ወራጅ አለ!› ሲሉኝ ፍሬን እይዛለሁ፣ ይወርዳሉ፣ እሄዳለሁ። የወረደው ሰው ወዴት ሄደ ብዬ አስቤ አላውቅም። ማን ተቀበለው ብዬ አስቤ አላውቅም። ስልጠናው ላይ ተጽፎ ነበር፤ አይቼዋለሁ እኮ፣ ግማሽ ድረስ አንብቤዋለሁ።»

ዘይነባ ዘንድ ሄደው ነበር። በሩን ሂክማ ከፈተች፤ ከውስጥ የእናቷ ድምፅ «ዝጊው» አለ። ልጅቷም ዘጋችው። ስካውቱ ቀዘቀዘ። ቅዳሜ ሜዳው ላይ ሳሚና ጥቂት ልጆች ብቻ ቀሩ።

ብዙ ወር አለፈ። ኢንተርኔቱ ተመልሶ ሰው ኢሜይሉን ለማየት ሲጋፋ፣ አንድ ጠዋት የኢንተርኔት ቤቱ በር ላይ ክራንች ሲያንኳኳ ሰማሁ። ዘይነባ ናት። የምቀመጥበት ድረስ መጣች።

«ያ ትምህርት አለ አይደል፣ የሳቃችሁበት?» አለችኝ። ቡራዩ ትንሽ ከተማ ናት፤ የተሳቀ ነገር ሁሉ ይሰማል።

«አለ።»

«ምን ይላል? አንብቢልኝ።»

ከፈትኩና አነበብኩላት። አጭር ነው፤ አንብቤ ስጨርስ ማጠሩ አሳፈረኝ። ዘይነባ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«ጎረቤት ሌባ ነው አይልም» አለች።

«አይልም።»

«እናትየዋ ልጇ የት እንዳለች ትወቅ ነው የሚለው። ይሄው ነው?» ክራንቿን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። «ኦቦ ጉታን ጥሪያቸው። እሳቸው ራሳቸው ያንብቡልኝ።»

ሳሚ በሩጫ ሄዶ አመጣቸው። ኦቦ ጉታ ዘይነባን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ሰላምታቸውን በአንገቷ መለሰች። ተቀመጡ። እኔ በስተግራቸው፣ ሳሚ ከኋላ፣ ዘይነባ በስተቀኛቸው። ከመጀመሪያው ክፍል ጀመሩ። በጣታቸው ፊደሉን እየተከተሉ፣ ድምፃቸውን አውጥተው አነበቡ። አንዳንዱ ቃል ሲከብዳቸው ወደ ኋላ ተመልሰው እንደገና ይይዙታል። ሌላ ደንበኛ መጥቶ ጠበቀ፣ ሰልችቶት ሄደ። ማውሱ ከጠረጴዛው ጫፍ ሲደርስ ሳሚ እጁን ዘረጋ።

«እጅህን ሰብስብ!» አለች ዘይነባ።

ሳሚ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። እኔም የራሴን ከጭኔ ሥር አስገባሁ።

ጥያቄው ጋ ደረሱ። የምታውቀው ጎረቤት መጥቶ የልጁ እናት አልተመቻትም፣ ልጁን እኔ ልውሰድላት ቢልህ ምን ታደርጋለህ? ኦቦ ጉታ አሰቡ። ክሊክ አደረጉ። «አመስግኜ እሰጠዋለሁ» የሚለውን ነው የነኩት። ስክሪኑ ላይ ቀይ ምልክት ወጣ።

ፈራሁ፣ አልዋሽም።

«አሁንም?!» አለች ዘይነባ።

«እጄ ለምዶ ነው» አሉ ኦቦ ጉታ፣ እጃቸውን እንደሌላ ሰው እጅ እያዩት።

ዘይነባ አፏን በሻርፗ ያዘች። መጀመሪያ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀች ነበር። ሳቋ ዳሌዋን አሟት «ወይኔ፣ አታስቁኝ በአላህ!» አለች። ከዚያ እንባዋም መጣ፤ ሁለቱም አብረው መጡ። ኦቦ ጉታ አልሳቁም። ትምህርቱን ከሥሩ እንደገና ጀመሩ።

ሲጨርሱ ነገሩ አላለቀም፤ እንደውም ያን ጊዜ ነው የተጀመረው። ዘይነባ «እኔ ግን የማንን ስም ልስጥ?» አለች። «የአንዷን ጎረቤቴን ስሰጥ ሌላዋ ‹እኔን አላመንሽኝም› ብላ ትቀየመኛለች። ይሄን ኮምፒውተሩ አያውቀውም።» ልክ ናት፤ አያውቀውም። ተከራከርን። መንገዱን ያገኙት ኦቦ ጉታ ናቸው። «ወራጅ ሲኖር ቀድሞ የሚወርደው ረዳቱ ነው» አሉ። «በሩን ይዞ ይቆማል፤ ሁሉም እስኪወርድ ማን እንደወረደ ያውቃል። እኛ ረዳት አልነበረንም። ሦስታችንም ሰጪ ሆንን።» ከዚያ ወዲህ ጎረቤት መምረጡ ቀርቶ፣ በማንኛውም ክፉ ቀን አንድ መሪ ከበሩ አይነቃነቅም። የወሰደው ሰው ስሙንና የሚሄድበትን ቤት ጮክ ብሎ ይናገራል፣ «ተረክቤያለሁ» ይላል፤ በረኛው ደግሞ የመጨረሻዋ እናት መጥታ እስክትሰማ እዚያው ይቆማል። በስልጠናው ላይ አልተጻፈም። በኋላ ሰበታ ስዛወር ይዤው ሄድኩ፣ ዓለም ገና ስካውት የሚመሩ የባጃጅ ሾፌሮች ወደዱት፤ በሱሉልታ ብርድም ጋቢ ለብሰው ለሚማሩት አስተማሪዎች ነገርኳቸው።

ስካርፉን መልሼ ሰጠኋቸው። ሂክማም ተመለሰች፣ ግን በአንድ ውል፦ ኦቦ ጉታ ራሳቸው በር ድረስ ያድርሷት።

ቅዳሜ ቅዳሜ አደረሷት። በሩን ያንኳኩና ዘይነባ እስክትወጣ ይጠብቃሉ። «ልጅሽን ተረከቢ» ይላሉ። ዘይነባ በምርኩዟ መጥታ ልጇን ታስገባለች፣ አንገቷን ትነቀንቃለች፣ በሩ ይዘጋል። «ተረክቤያለሁ» የሚለው ቃል ግን አይወጣትም። እኔም አልፈርድባትም፤ መርካቶ ድረስ መሄድ አልቻለችምና ሥራዋ ቀርቶ ነበር። ኦቦ ጉታም አንድ ቀን አላጉረመረሙም።

ሰበታ ከመዛወሬ በፊት በነበረው ቅዳሜ አብሬያቸው ሄድኩ። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ጭቃውን እየዘለልን ነው የደረስነው። አንኳኩ። ምርኩዙ ተሰማ፣ በሩ ተከፈተ።

«ልጅሽን ተረከቢ።»

ሂክማ በእናቷ ብብት ሥር ሾልካ ገባች። ዘይነባ በሩን እንደያዘች ቆመች።

«ተረክቤያለሁ» አለች።

ኦቦ ጉታ ምን ማለት እንዳለባቸው የጠፋቸው ይመስለኛል፤ ሰው ሲጠፋው ወደ ልማዱ ነው የሚመለሰው። ባርኔጣቸውን አስተካክለው ለመሄድ ዞር እያሉ፣ ልክ ሜዳው ላይ እንደሚሉት፣

«የቀረ ሰው አለ?» አሉ።

«አለ» አለች ዘይነባ።

ደነገጡ። ወደ እኔ፣ ወደ መንገዱ፣ እንደገና ወደ በሩ ተመለከቱ።

«ማን?»

ዘይነባ በሩን በምርኩዟ ገፋ አድርጋ ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«አንቱ ነዎት የቀሩት፣ ኦቦ ጉታ። ይግቡ።»